ሦስት መጻሕፍትና አንዲት አድማጭ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ፣ በመደርደሪያዬ ላይ አቧራ ለብሰው የከረሙ ሦስት መጻሕፍት አውርጄ አንብቤ ጨረስሁ። ሦስቱም የፍቅር ነገር ያለባቸው ናቸው። አሳቤ ማን ከማን በልጦ እንደ ጻፈ አመዛዝኜ ለአንባቢዎች ለማቅረብ ነበር። ነገር ግን እናቴ ከገጠር መጥታ ክረምቱን ከእኔ ዘንድ ስላሳለፈች፣ ንባቡ ለብቻዬ መሆኑ ቀረ፤ አሳቤም ካቀድሁት መንገድ ወጣ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እሷ እንዝርቷን ይዛ ከመስኮቱ ሥር ትፈትላለች፤ እኔ አነባለሁ።

የመጀመሪያው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ተደርሶ በ1900 ዓ.ም. በሮማ የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ብዙ ሰው «ጦቢያ» እያለ ይጠራዋል። የአማርኛ ልብ ወለድ በኩር ስለ ሆነ በየትምህርት ቤቱ ስሙን እናስጠናለን እንጂ መጽሐፉን ገልጦ ያነበበው ተማሪ ጥቂት ነው። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ መጽሐፉ የተጻፈውን ብቻ አንብቤ ነው ፈተናውን ያለፍሁት። አሁን ግን በሁለት ማታ አለቀልኝ። አማርኛው ጮክ ተብሎ ሲነበብ ይጣፍጣል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋውን መንትያ ወንድሟን ፍለጋ ስትወጣ፣ ወንድ መስላት አንዲት የንጉሥ ዘመድ በፍቅር ስትያዝባት፣ እናቴ እንዝርቷ ከእጇ እስኪወድቅ ድረስ ሳቀች። መከራው ሁሉ በሠርግ ሲያልቅ ግን «ይህስ ተረት ነው፤ ተረት ደግሞ ለማታ ጥሩ ነው» አለች።

ሁለተኛው በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው «ኦሮማይ» ነው። ይህንን ጮክ ብዬ አላነበብሁትም። ታሪኩ የሚፈጸመው በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ በአሥመራ ሲሆን፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ስለዚህ እሷ ከተኛች በኋላ ለብቻዬ አነበብሁት። ፀጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ በአሥመራ በፊያሜታ ፍቅር ሲያዝ፣ የተማሪነቴ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ልቤ ከፊያሜታ ጋር በሄደ ነበር። አሁን ግን ያሳዘነችኝ ቀርታ የምትጠብቀው ሮማን ናት። ደራሲው ራሱ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1976 ዓ.ም.፣ የት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ መቅረቱን እያሰቡ ሲያነቡት ቀልዱ እንኳ ይመራል። እሱንም በቤቱ ሲጠብቁት ቀሩ።

ሦስተኛው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ገና ስሙን ስጠራው እናቴ ቀና ብላ «የበዛብህ ነገር ነው?» አለችኝ። ለካ ልጅ ሳለች ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ሬዲዮ ካለው ጎረቤት ደጅ ተሰብስበው ይሰሙት ኖሯል። «መጨረሻውን ግን አልሰማሁም። ሳያልቅ ዳሩኝ፤ የሄድሁበት ቤት ሬዲዮ አልነበረውም» አለች። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ልጇ ሆኜ ስኖር ይህን ሰምቼ አላውቅም።

ይህን መጽሐፍ አስተምረዋለሁ። ተማሪዎቼ የሚጽፉት መልስ የታወቀ ነው፤ የባላባቱ ሥርዓት ግፍ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የጉዱ ካሣ ተቃውሞ። ስሕተት የለበትም፤ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። እናቴ ግን በፊታውራሪ ሳቀችባቸው እንጂ አልተቆጣችም። ያለቀሰችው ወላጆቹ ሕፃኑን በዛብህን ለእግዚአብሔር ሊሰጡ በተሳሉት ስእለት ላይ ነው። «እንዲኖርላት ብላ እኮ ነው የሰጠችው! ኋላ እግር ብረት እንደሚሆንበት እናቱ በምን ታውቃለች?» አለች። ያን ክፍል እኔ በክፍል ውስጥ ቶሎ ብዬ አልፈው ነበር።

ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ቤቷን ጥላ ስትወጣ እንዝርቱ ቆመ። በዛብህን በመንገድ ላይ ቆስሎ ለሞት ተቃርቦ ስታገኘው «በቃ፣ ነገ ትጨርሰዋለህ» አለችኝ። በማግሥቱ ቡናው ሳይፈላ መጽሐፉን ራሷ አምጥታ በጉልበቴ ላይ አኖረችው። ጨረስሁላት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ «ምንም ቢሆን፣ ሰብለ ሄዳ አየችው» አለች።

«እማዬ፣ አንቺስ?» ልላት አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። እሷ ግን የልቤን ያወቀች ይመስል «አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር» ብላ እንዝርቷን አነሣች። ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መጠየቅ ይገባኝ እንደ ነበረ ወይም እንዳልነበረ ዛሬም አልቈረጥሁም።

እንግዲህ ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው፤ መጽሐፍ ለብቻ ሲነበብና ከሰው ጋራ ሲነበብ አንድ መጽሐፍ አይደለም። አንባቢ ሆይ፣ ደመወዝህ መጽሐፍ ለመግዛት ባይበቃ ተዋስ፤ የተዋስኸውንም ለአንድ ሰው አንብብለት።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት የቤት ሥራውን ጥቂት ለወጥሁት። ስለ ባላባቱ ሥርዓት የሚጠይቀውን አላስቀረሁም። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ምዕራፍ ለአንድ ታላቅ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብና፣ ሰሚው የት ላይ እንዳስቆመው እንዲጽፍ አዘዝሁ። ወረቀቶቹ መጡ፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ምን ያህል ነጥብ እንደምሰጣቸው ቸግሮኝ እስካሁን በጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠዋል።