የቤት ዋጋና የትምህርት ቤት ጎረቤትነት

ሰው ቤቱን ለመሸጥ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚቈጥረው በዓይን የሚታየውን ነው። የምሰሶውን ጥንካሬ፣ የቆርቆሮውን ብዛት፣ የክፍሉን ስፋት፣ የጓሮውን ጌሾና የውኃውን ጉድጓድ ይቈጥርና ዋጋውን ከዚህ ይደምራል። ገዢው ግን በግቢው ውስጥ ጥቂት ከተዘዋወረ በኋላ ወደ ደጅ ወጥቶ ወዲያና ወዲህ ይመለከታል። ቤተ ክርስቲያኑ በወዴት በኩል ነው፤ ገበያው ምን ያህል ይርቃል፤ ልጆች የሚማሩትስ የት ነው ብሎ ይጠይቃል። ከነዚህም ጥያቄዎች ይልቁንም የመጨረሻው የቤትን ዋጋ እንዴት እንደሚያነሣና እንደሚጥል፣ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥም ምን ያህል ክርክር እንደሚያመጣ ለመግለጽ ይህን ጽሕፈት አቅርቤአለሁ።

ነገሩን በቅርብ የተመለከትሁት፣ ወላጆቻችን በደብረ ማርቆስ ከተማ ትተውልን ያለፉትን ቤት ለመሸጥ አራት ወንድማማችና እኅትማማች በተሰበሰብን ጊዜ ነው። ቤቱ በባሕር ዛፍ የተማገረ፣ በጭቃ የተመረገ፣ በኋላም በሲሚንቶ የተለሰነ አሮጌ ቤት ነበር። በዚያው ወራት የአንድ ዘመዳችን ቤት በከተማው ዳር ለሽያጭ ቀርቦ ነበር፤ እርሱም በግንብ የተሠራ፣ ግቢውም የሰፋ ነው። ሆኖም ገዢዎች ለኛ አሮጌ ቤት የሚሰጡት ዋጋ ከዚያ ከአዲሱ በልጦ ተገኘ። ታላቅ ወንድማችን ተገርሞ ደላላውን ምክንያቱን ቢጠይቀው፣ «ጌታዬ፣ የርስዎን ቤት የሚገዛው ሰው ጭቃውን አይደለም የሚገዛው፤ ጭቃውንማ አፍርሶ ይጥለዋል። የሚገዛው ልጁ ደወል ሰምቶ ከቤቱ ቢነሣ ሳይዘገይ የሚደርስበትን መንገድ ነው» ብሎ መለሰለት።

እውነትም ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያለው መንገድ ትንሽ ልጅ ያለ ጠባቂ የሚሄደው ነው። ትምህርት ቤቱም መምህራኑ ብዙ ዘመን የተቀመጡበት፣ ወላጆችም በስማቸው የሚያውቋቸው ነው። ከከተማው ዳር ያለው የዘመዳችን ቤት ግን ልጅን በጧት በባጃጅ መላክን፣ በማታም ደጅ ቆሞ መጠበቅን ይጠይቃል። ገዢው ይህን ሁሉ በልቡ አስልቶ ከዋጋው ላይ ያጐድለዋል።

ይህ አሳብ ለጎጃም ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። አገራችን ከጥንት ጀምሮ በትምህርት የከበሩ ደብሮች ያሉባት ናት። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ኤልያስ፣ በቅኔም ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው በመላው ኢትዮጵያ የተሰማ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር ይመጣና በመምህሩ ደጅ አጠገብ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጥ ነበር። መምህሩ ወደ ሌላ ደብር የሄደ እንደ ሆነ ተማሪው ጎጆውን ትቶ ይከተለዋል። እንግዲህ የጎጆው ዋጋ በሣሩና በእንጨቱ አልነበረም፤ የመምህሩ በዚያ መኖር ነው እንጂ። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም ደብረ ኤልያስን፣ ደብረ ወርቅንና ዲማን የዞሩት ይህንኑ ዕውቀት ፍለጋ ነበር። በኋላም «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1958 ዓ.ም. አሳትመዋል።

በዚያ ዘመን ግን ርስት በገበያ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረምና፣ የመምህር ጎረቤት መሆን ክብርን እንጂ ገንዘብን አያመጣም ነበር። ጎረቤትነቱ በገንዘብ ሊተመን የጀመረው ከተማ ሲሰፋ፣ ቤትም በውል ሲሸጥና ሲለወጥ ነው። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች ከተማ የዛሬ ስሟን ያገኘችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በንጉሡ ስም የተጠራ ትምህርት ቤትም በከተማዋ ይገኛል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተ ሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይናገራል። ስለዚህ ዛሬ በሕግ የሚሸጠው በቦታው ላይ የተሠራው ቤት ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት ሁለት ቤቶች በሁለት ሰፈር ቢቆሙና ዋጋቸው ቢለያይ፣ ልዩነቱ ከግድግዳው የመጣ ሊሆን አይችልም። ከመንገዱ፣ ከውኃው፣ ከገበያው፣ ይልቁንም ከትምህርት ቤቱ የመጣ ነው።

በደብረ ማርቆስ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመርበታል። ከጎዛምን፣ ከማቻከል፣ ከአነደድና ከስናን የገበሬው ልጅ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ ሲመጣ ከጓደኞቹ ጋራ አንዲት ትንሽ ክፍል ይከራያል። እንጀራውንና ሽሮውን፣ በሶውንም ከእናቱ ቤት በስንቅ ያመጣል፤ ስንቁ ሲያልቅ ቅዳሜ ተመልሶ ይሄዳል። በትምህርት ቤት አጠገብ ግቢ ያለው ሰው በጓሮው ሁለት ሦስት ክፍል ሠርቶ ለነዚህ ልጆች ቢያከራይ ገቢ ያገኛል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህም ቤት ፈላጊው መምህርና ሠራተኛ በዝቷል። ስለዚህ ገዢው የራሱን ልጆች ብቻ ሳይሆን የኪራዩንም ተስፋ አብሮ ይተምናል።

በውጭ አገርም ነገሩ በጥናት ተፈትኗል። በአሜሪካ ልጅ የሚማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በብዙ ስፍራ የሚወሰነው በቤቱ አድራሻ ነው። ሳንድራ ብላክ የተባለች የምጣኔ ሀብት ሊቅ በቦስተን ከተማ ዙሪያ ያሉ ቤቶችን መረመረች። የአንዱ ትምህርት ቤት ክልል ከሌላው በሚለይበት ድንበር ግራና ቀኝ፣ በአንድ ሰፈር ያሉትን ቤቶች አነጻጸረች ማለት ነው። ጥናቷም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ታተመ። በዚህም የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት ከመቶ 5 ከፍ ቢል ወላጆች ለቤቱ ከመቶ 2.5 ያህል ጨምረው እንደሚከፍሉ አገኘች። በቻይናም በታላላቅ ከተሞች ለልጃቸው በመልካም ትምህርት ቤት ስፍራ ለማግኘት ሲሉ አንዲት ጠባብ አሮጌ ክፍል በብዙ ገንዘብ የሚገዙ ወላጆች አሉ። በኛ ከተማ ድንበሩን የሚወስነው በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ሳይሆን የልጅ እግር ነው። ልጅ በክረምት ጭቃ ሳይደክም የሚደርስበት ርቀት ለኛ እንደ ድንበር ይቈጠራል።

እንግዲህ ሻጭ ሁሉ «ቤቴ ከትምህርት ቤት አጠገብ ነው» ብሎ ዋጋ ቢጨምር ይገባዋልን? አይገባውም። ቀለም የተቀባ አጥርና ሰፊ በር ትምህርት አይደለምና። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ሆኑ። ይህ ውጤት የብዙ ወላጆችን ዓይን ገልጧል። ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ገዢ የትምህርት ቤቱን ርቀት ብቻ ሳይሆን ስንት ልጆች በአንድ ክፍል እንደሚቀመጡ፣ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ፣ መምህራኑ ይቆዩ ወይም በየዓመቱ ይለዋወጡ እንደ ሆነ ይጠይቃል። መልሱ መልካም ካልሆነ የትምህርት ቤት ጎረቤት መሆን ጩኸትና አቧራ ብቻ ይሆናል፤ ያንጊዜ ዋጋን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳይ ልመለስ። ከአራታችን አንዷ ባልዋ የሞተባት እኅታችን ከሁለት ልጆችዋ ጋራ በዚያው በወላጆቻችን ቤት ትኖር ነበር። ልጆችዋም የሚማሩት በዚያው በጎረቤት ባለው ትምህርት ቤት ነው። እኛ ወንድሞቿ በዋጋው ከፍታ ደስ ብሎን ስንነጋገር እርሷ ዝም ብላ ከሰማች በኋላ እንዲህ አለች፤ «ወንድሞቼ፣ ለዚህ ቤት ይህን ያህል የሚሰጡን ልጆቼ ከሚማሩበት ትምህርት ቤት አጠገብ ስለ ሆነ ነው ትላላችሁ። እናንተ ዋጋውን ስትካፈሉ እኔ ዋጋውን ያመጣውን ነገር ላጣ ነው። በድርሻዬ በከተማው ዳር ቤት ይገኝልኝ ይሆናል፤ ልጆቼን ግን በዚያ ማን ያስተምርልኛል?»

ከዚህ ቃል በኋላ ነገሩ የገበያ ነገር መሆኑ ቀረ። አንዱ ወንድማችን የኛን ድርሻ እርሷ ትግዛን የሚል አሳብ አቀረበ። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ያነሣው ዋጋ ከአቅሟ በላይ ሆነባት። ሁለተኛው ሽያጩ ከቶ ይቅር አለ፤ ታላቅ ወንድማችን ግን ለሕክምናው ገንዘብ ያስፈልገው ስለ ነበረ ያም አልሆነም። በመጨረሻ ሁለት ሽማግሌዎችና የነፍስ አባታችን ተቀምጠው መከሩ። ፍርዳቸውም እንዲህ የሚል ነበር፤ ሽያጩ የትምህርቱ ዓመት እስኪፈጸም ይቆይ፤ የእኅታችሁ ድርሻ ከሁሉ አስቀድሞ ይከፈላት፤ ትምህርት ቤቱ ያመጣው ትርፍ የሁላችሁ ስለ ሆነ፣ ከናንተ ከሦስታችሁ ድርሻ ተቀንሶ ታናሹ ልጅ ስምንተኛ ክፍል እስኪጨርስ ድረስ በዚያው ሰፈር የምትከራየው ቤት ኪራይ ይቀመጥላት። ሁላችንም እሺ ብለን ተፈራረምን፤ ቤቱም በሰኔ መጨረሻ ሦስት ልጆች ላሉት አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ተሸጠ። የእኅታችን ልጆችም እስከ ዛሬ በዚያው በር ይገባሉ።

ይህ ፍርድ አንድ ትልቅ ነገር አሳስቦኛል። ለቤታችን የተጨመረውን ዋጋ ከኛ ወገን ማንም አልሠራውም። የሠሩት በጠመኔ አቧራ ውስጥ ቆመው የሚውሉት መምህራን ናቸው። ሆኖም መምህር በደመወዙ በዚያ ሰፈር ቤት ሊገዛ ይቅርና መከራየትም ይከብደዋል። የሰፈሩ ዋጋ በጨመረ ቍጥር ዋጋውን ያመጣው ሰው እየራቀ እንዳይሄድ ያሠጋል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ በከተማ ቤትና ቦታ ላይ ግብር የሚያስከፍል ነው። ከዚህ ግብር ጥቂቱ ለመምህሩና ለመማሪያ ክፍሉ ቢመለስ፣ ላሙን ለሚያልቡ ሁሉ ሣሩን መንከባከብ ይሆንላቸዋል እንጂ ጉዳት አይሆንባቸውም።

ዋጋውም እንደ ግንብ የጸና አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆችም ከትምህርት ርቀዋል። ደወሉ ዝም ባለበት መንደር የቤት ባለቤት «ከትምህርት ቤት አጠገብ ነው» ብሎ የሚመካበት ነገር የለውም። የቤቱ ማነስ ግን ከልጁ ማነስ ጋራ የሚነጻጸር አይደለም፤ ቤት ዋጋው ቢወድቅ ነገ ሊነሣ ይችላል፤ ልጅ ግን ያለ ትምህርት ያለፈበትን ዓመት መልሶ አያገኘውም።

ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ቤት ለመሸጥ የምታስቡ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ልጆች ያሉት ገዢ ከመስከረም በፊት ገብቶ ልጆቹን ማስመዝገብ ይወዳልና፣ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ሐምሌ ያለው ጊዜ ለሻጩ የተሻለ ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ ያልሆነውን ሆነ አትበሉ፤ ይልቁንስ ገዢውን ይዛችሁ ሂዱና መምህራኑን ራሱ ይጠይቅ። በወላጅ፣ በተማሪና በመምህር ኅብረት ስብሰባ የሚያሳልፉትን ጊዜና የሚያዋጡትን ገንዘብ እንደ ባከነ አትቍጠሩት፤ የቤታችሁን ጣራ ከማደስ አይለይምና። ወንድሞችና እኅቶችም ውርስ ስትካፈሉ፣ ከዋጋው አስቀድማችሁ ዋጋው ከምን እንደ መጣ፣ ከመካከላችሁም ያንን የሚያጣው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።