ማግኔቱ ያልያዘው ቦታ

አባታችን ወደ ጌታ ሲሄድ አሮጌ ቮልሱን ትቶልን ነበር። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ፣ «የዛገው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየድ፤ የአባባ መኪና እንዳትበሰብስ» ብሎ ገንዘብ ላከልኝ።

በዚያ ወር የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ጎድሎብኝ ነበር። በርካሽ የሚሠራ ሰው ፈለግሁ። ዝገቱን ላይ ላዩን ፍቆ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀባልኝ። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። «ተባረክ ወንድሜ» አለኝ። የተረፈውን ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ ከፈልሁ። በማግስቱ እሁድ በጉባኤው ፊት ቆሜ ጸሎት መራሁ።

ሦስት ክረምት አለፈ። ከበሩ ሥር ቀለሙ ማበጥ ጀመረ። ወንድሜ ለገና እንደሚመጣ ሲነግረኝ ደንግጬ ቮልሷን ወደ አንድ አንጋፋ የባትላሜራ ባለሙያ ወሰድኳት።

ሽማግሌው ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አወጡ። ኮፈኑ ላይ ሲያደርጉት ያዘ። በሩ ላይም ያዘ። የኋላው ፓራፋንጎ ታችኛው ጫፍ ላይ ግን መሬት ወደቀ። «ልጄ፣ እዚህ ብረት የለም። ማን ነው እንዲህ የደፈነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ቀለሙን ሲገፉት ከእኔ ሰማያዊ ሥር የአባባ ነጭ ቀለም ወጣ። ስቱኮው ሲነሳ ከኋላው የነበረው ላሜራ እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለልም ተበልቶ አገኘነው። «ስቱኮ ክፉ አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «ጤነኛ ብረት ላይ ስስ አድርገህ ታለሰልስበታለህ። ዝገት ላይ ከደፈንከው ግን እርጥበቱን ይዞ ውስጥ ውስጡን ያስበላሃል።» ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ቆረጡ፤ አዲስ ላሜራ በየዱ። ሊመሽ ሲል ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት ጀመሩ። ነገ ቢሆንስ ብላቸው፣ «የተራቆተ ብረት ሳይሸፈን አያድርም» አሉኝ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ ደወልኩ። «ጋሼ፣ በላክልኝ ገንዘብ መኪናዋን አላሠራሁም። ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። «ያመመኝ ገንዘቡ አይደለም። ያንን ፎቶ ለስንት ሰው እንዳሳየሁ ታውቃለህ?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ቆይቶ፣ «አሁንስ? እስከ ጤነኛው ብረት ተቆርጧል?» አለ። «አዎ ጋሼ» አልኩት። ገንዘቡን አሁን በየወሩ እየመለስኩ ነው።

ወገኖቼ፣ መዝሙር 32ን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ያን ሰሞን ግን ሁለት ዓይነት መሸፈን አየሁበት። ዳዊት ኃጢአቱን ሸፍኖ ዝም ባለ ጊዜ ውስጡ አለቀ። ገልጦ በተናዘዘ ጊዜ ግን እግዚአብሔር ራሱ ከደነለት። እኛ የምንሸፍነው እንዳይታይብን ነው፤ እርሱ የሚሸፍነው ይቅር ብሎ ነው። ገልጠን የሰጠነውንም ተራቁቶ እንዲያድር አይተወውም።

ዛሬ ቀለም ቀብተህ የተውከው ቦታ አለ? የበደልከው ሰው ስልክ ቁጥር እጅህ ላይ ካለ፣ ክረምቱ እስኪያጋልጠው አትጠብቅ።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ የደፈንኩትን አሳየኝ። ለመግለጥ ድፍረት ስጠኝ፤ የገለጥኩትንም በጸጋህ ሸፍነው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።