የአያቴ ውጅግራ

ሰሞኑን አያቴን ያለ ተኩስ ቀበርናቸው። ይኼ ግንደወይን ላይ ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ልጅ ያውቀዋል። «የሳቸውን ጠመንጃ የሚያስጮህ ልጅ ጠፋ?» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጠመንጃውማ አለ። ውጅግራ ነው፤ ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ፣ በፈረንጆች 1874 የወጣ፣ አንድ አንድ የሚጎርስ፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር። አድዋም ዘምቷል። የጠፋው ጥይቱ ነው።

በወጣትነታቸው አንድ ሰው በለበን ሊለውጣቸው መጥቶ ነበር አሉ። ለበን 8 ሚሊ ነው፤ ጭሱ ትንሽ ነው፣ ሩቅ ይመታል። ውጅግራ ግን አንዴ ከተኮሰ ድኩላው ቀርቶ አገር ጭሱን ያያል። እምቢ አሉ። «የለበን ቀለህ ከተተኮሰ አለቀለት፤ የኔን እርሳስ አቅልጬ፣ ባሩድ ቀጥቅጬ እንደገና እሞላዋለሁ» ይሉ ነበር። ፊዚክስ አስተማሪ አይደለሁ፣ ስለ ፍጥነት ስከራከራቸው «ፍጥነትህ ቅዳሜ ገበያ ይሸጣል?» ይሉኛል። ለዚያ ጊዜ ልክ ነበሩ።

የቀብሩ ዕለት ሌሊት ታላቅ ወንድሜ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ አንድ ወፍራም ጥይት ይዞ መጣ። አልገባም። «ትንሽ በሞረድ ብንነካው ይገባል» አለ። ቀለሁ ልኩ ካልሆነ እሳቱ ወደ ኋላ፣ ተኳሹ ዓይን ላይ ነው የሚመጣው። ጠመንጃውን ቀማሁት። ሰው ፊት ሰደበኝ።

እስካሁን አያናግረኝም። ትናንት የአያቴን ሣጥን ስንከፍት አራት ባዶ ቀለሆች በጨርቅ ተቋጥረው አገኘን። ሁለቱን ለሱ ላክሁለት።