12 ሺህ ጀሪካን

እኔ ጉልበቴን፣ ትከሻዬንና ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸውን ጡንቻዎቼን እያሻሸሁ ሰንብቻለሁ። ምን ነካህ ለምትሉኝ መልሱ አጭር ነው። ትራያትሎን ልወዳደር ነው!

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አላችሁ? አይዟችሁ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። የሰፈራችንን የሻሂ ቤት ባለቤት ሦስት ጊዜ ካስረዳሁት በኋላ «ዋሪያ፣ ታዲያ መኪና የለም እንዴ?» ነው ያለኝ። ትራያትሎን ማለት መጀመሪያ ይዋኛል፣ ከውሃው እንደወጡ ብስክሌት ይነዳል፣ ከብስክሌቱ እንደወረዱ ይሮጣል። በመሃል እረፍት የለም፣ ልብስ ስትቀይሩም ሰዓቱ አይቆምላችሁም። እኔ የተመኘሁት ከረጅሞቹ ውስጥ «ግማሽ» የሚባለውን ነው። 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ… ድምሩ 113 ኪሎ ሜትር! ሙሉው የዚህ እጥፍ ነው። እሱን ለጤነኞቹ… ይቅርታ፣ ለእብዶቹ ትቼዋለሁ።

ዓይኔን የጣልኩት ሩዋንዳ ላይ ነው። ሩባቩ በምትባል ከተማ፣ ኪቩ ሐይቅ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 እንዲህ ያለው ውድድር መካሄዱን አንብቤ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። በዚህ ርቀት ዋናው በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ጠቅላላው በ8 ሰዓት ተኩል ካላለቀ ከውድድር ውጪ ናችሁ። እኔ ግን የጅግጅጋ ልጅ ነኝ። ሐይቅ የማውቀው በካርታ ነው።

ይህን ጣጣ ማን ጀመረው ብዬ ታሪኩን ሳገላብጥ አንድ ነገር ገጠመኝ። ረጅሙ ትራያትሎን የተጀመረው ሃዋይ ውስጥ ነው። «ከዋናተኛ፣ ከሯጭና ከብስክሌተኛ ማን ይበልጣል?» እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች፣ እዚያ ለየብቻ ይደረጉ የነበሩ ሦስት ውድድሮችን ገጣጥመው በአንድ ቀን አደረጓቸው። 15 ሰዎች ተነሱ፣ 12 ጨረሱ። አንደኛ የወጣው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው የካቲት 11 ቀን 1970 ዓ.ም. ሆኖ አገኘሁት። እንግዲህ ጅግጅጋ አድጎ የካቲት 1970ን የማያውቅ የለም። ካራማራ! የካቲት 26፣ ልክ ከ15 ቀን በኋላ። እነዚያ ለጨዋታ ላባቸውን ሲያፈሱ እዚህ ከቤታችን በሚታየው ተራራ ላይ የሰው ልጅ እየረገፈ ነበር። በዚህም በዚያም ወገን ዘመዱ የቀረበት ሰው በሰፈራችን አለ። ብስክሌቴን እየገፋሁ የካራማራን ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ቢቆረጥም «ደከመኝ» ማለት የሚያሳፍረኝ ለዚህ ነው።

ወደ ልምምዱ እንምጣ። ሩጫውን ብዙም አልፈራሁትም። እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ሯጭ ነኝ ብዬ የማምነው ሮጬ ስለማውቅ ሳይሆን ኃይሌን በቴሌቪዥን ስላየሁ ነው! ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እምነቴ ተንኮታኮተ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ለሳንባ ጥሩ ነው ይባላል። ነፋሷን ግን ማንም አልነገረኝም። ሲሄዱ ፊት ለፊት፣ ሲመለሱም ፊት ለፊት! ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ስወጣ ከሥራ የሚመለሱ ጅቦች አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈጣኖቹን ኪሎ ሜትሮቼን የሮጥኩት በእነሱ ምክንያት ነው። ሌላም ምክር አለኝ። ከሩጫ በፊት የግመል ወተት አትጠጡ። ምክንያቱን የጠጣ ያውቀዋል።

ብስክሌቱ ድሬዳዋ ውስጥ ከአንድ ጡረተኛ የገዛሁት አሮጌ ኮርሳ ነው። ካላማዳሪያው የተለጣጠፈ፣ ካቴናው በዳገት ላይ የሚወልቅ፣ ፍሬኑ ሲፈልግ ብቻ የሚይዝ። በእሱ ቀብሪ በያህ ደርሼ ስመለስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ግመሎቹ ግን መንገዱ የእነሱ መሆኑን በእርጋታ ያስረዷችኋል። በቶጎ ውጫሌ በኩል ስወጣ ደግሞ የጫት መኪና አለ። ከአወዳይ የተጫነው ጫት ሳይጠወልግ ሐርጌሳ መድረስ አለበት፣ እኔ ደግሞ ሳልጠወልግ ቤቴ መድረስ አለብኝ። ሾፌሩና እኔ በዚህ ጉዳይ ተስማምተን አናውቅም። ገና ከሩቅ ድምፁን ስሰማ ብስክሌቴን አንስቼ አሸዋው ውስጥ እገባለሁ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወዲያው መሮጥ አለ። እግር የተውሶ የሚመስለው ያኔ ነው። ለመግፋት የለመደ ጡንቻ መራመድ ይጠፋዋል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሰከረ ሰው ትሄዳላችሁ። ሳይለማመዱት ውድድር ላይ ከገጠማችሁ ጉድ ናችሁ።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ዋናው ጉዳይ… ዋናው ነው!

ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ልብስ ይዛ ሐርሺን ገበያ ስትሄድ አስከትላኝ ሄደች። ቢርካ ታውቃላችሁ? መሬት ተቆፍሮ፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ተለስኖ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። በዚያ አገር ሰውም ከብትም በበጋ የሚኖረው በእሱ ነው። ጠርዙ ላይ ቆሜ ድንጋይ ስወረውር አዳለጠኝ። ግድግዳው ልሙጥ ነው፣ የሚያዝ ነገር የለውም። የማስታውሰው አረንጓዴ ጨለማና አንዲት ውሃ ልትቀዳ የመጣች ሴት የባልዲዋን ገመድ ጥላልኝ «ቀቦ! ቀቦ!» ስትል ነው። በሶማሊኛ ያዝ፣ ያዝ ማለት ነው። ያዝኩ። እናቴ እየሮጠች ስትደርስ ትገርፈኛለች ብዬ ነበር። አልገረፈችኝም። ዝም ብላ ሸሚዜን አውልቃ ጨመቀችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከባልዲ በላይ ውሃ ያለበት ቦታ እንድጠጋ ፈቅዳልኝ አታውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ሲዋኝ ታስታውሳላችሁ? ከሁሉም መጨረሻ በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 ማይክሮ ገባና ዓለም ሳቀበት። እኔም ሻሂ ቤት ቁጭ ብዬ ስቄያለሁ። በዚያው ዓመት ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ብስክሌተኛ ሲሆን ያጨበጨብንለት ግን በጣት የምንቆጠር ነን። ዛሬ እኔ ያንኑ 100 ሜትር የምዋኘው በ2 ደቂቃ ከ50 ነው፣ ያውም ስወጣ ቀና ብዬ መቆም አልችልም። ሮቤል ወንድሜ፣ ይቅርታ!

ዋና የተማርኩት ድሬዳዋ፣ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ እወርዳለሁ፣ የዚያን ዕለት ማታና እሑድ ጠዋት ዋኝቼ እመለሳለሁ። አስተማሪዬ የገንዳው ጠባቂ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ ፊቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋ መንፋት ነበር። አጠገቤ የስድስት ዓመት ሕፃናት እንደ ዓሣ እየተገለባበጡ ጢሜን አይተው ይስቃሉ። «አቦ፣ አየር አትቋጥር! ውሃ ውስጥ ሆነህ አውጣው» ይለኛል። ለካስ ጀማሪን የሚያደክመው ትንፋሽ ማጣት ሳይሆን ትንፋሹን አፍኖ መያዙ ነው። ጭንቅላቴን ቀና ባደረግሁ ቁጥር ዳሌዬና እግሬ ይሰምጣሉ፣ በሰመጡ ቁጥር እፈራለሁ፣ በፈራሁ ቁጥር ጭንቅላቴን ቀና አደርጋለሁ። በዚህ አዙሪት ስድስት ሳምንት ሄደ። አንድ ቀን እጄን ከፊቴ ስዘረጋ «መዳፍህን አታንሸራት፣ ውሃውን ያዘው! ያዘው!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ግን የሰማሁት «ቀቦ!» የሚለውን ነው። ያን ዕለት ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቆም ዋኘሁት። 20 ሜትር! ኪቩ ሐይቅ ዛቻ የሰማ አይመስለኝም።

ከዚያ 4 ምልልስ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 500 ሜትር። አምስት ወር ሙሉ ለእናቴ «ለሱቁ ዕቃ ላመጣ ነው» እያልኩ። ውሸቴ ብቻ አልነበረም የሚከብደኝ። ገንዳው ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 8፣ ጥልቀቱ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ነው። በቃ፣ የነጋዴ ልጅ ነኝ፣ አሰላሁት። 240 ሺህ ሊትር። በእኛ ቤት ቋንቋ 12 ሺህ ጀሪካን! ሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ በአህያ ጋሪ የሚመጣውን አንዱን ጀሪካን እናቴ እንዴት ቆጥባ እንደምትጠቀምበት አውቃለሁ። ልብስ የታጠበበት ወለል ያጥባል፣ ወለል ያጠበው ለዛፏ ይፈስሳል። እኔ ደግሞ 12 ሺሁ ውስጥ ተጋድሜ አረፋ እነፋለሁ።

ባለፈው ወር ቦርሳዬን ልታጥብ ስትገለብጥ የዋና መነጽሬ ዱብ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መነጽር።»

«የምን መነጽር?»

«…የዋና።»

ቁጭ አለች። «ድሬ ዕቃ ላመጣ ነው የምትለኝ…»

«ውሃ ውስጥ ነበርኩ እማዬ።»

ረጅም ዝምታ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሩዋንዳውን፣ ሐይቁን፣ 1.9 ኪሎ ሜትሩን። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን መነጽሩን እያገላበጠች «ገንዳው ስንት ጀሪካን ይይዛል?» አለችኝ።

«12 ሺህ።»

«አይጠጡትም?»

«መድኃኒት አለው፣ አይጠጣም።»

«እግዚኦ!» አለችና ተነሳች። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «የፊታችን እሑድ እኔም እሄዳለሁ» አለች።

ከምር ሄደች። ካራማራን ስናልፍ አማተበች፣ ባቢሌ ላይ አንድ ፌስታል ኦቾሎኒ ገዛች። አንድ ጊዜ ጨርሶ ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውሃ ይዞ ሲታያት «እዚህ እኮ ከብት ይግጥበት ነበር» ብላ በመስኮቱ እስኪጠፋ አየችው። ከዚያ በደንገጎ ቁልቁል ወርደን ድሬ ገባን። ገንዳው ጠርዝ ላይ ወንበር አስመጥታ፣ ነጠላዋን አመቻችታ ተቀመጠች። እንደማየው ከሆነ እጇ ይንቀጠቀጣል። 1,900 ሜትር ለመሙላት ገንዳውን 95 ጊዜ ማቋረጥ አለብኝ። «ማን ይቆጥርልኛል?» ስል «እኔ» አለች። 95 ኦቾሎኒ ቆጥራ ቀሚሷ ላይ አደረገች፣ ዳር በደረስኩ ቁጥር አንዷን አንስታ ወደ ፌስታሉ ትመልሳለች።

ስለ ዋናው ብዙ የምነግራችሁ የለም። ፈራሁ፣ ተረጋጋሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ቀጠልኩ። ለመተንፈስ ፊቴን ባዞርኩ ቁጥር የነጠላዋ ጥለት ይታየኛል። ሰባዎቹ ላይ ትከሻዬ ድንጋይ ሆነ። በመጨረሻ ጠርዙን ይዤ ሰዓቴን ሳይ 58 ደቂቃ! ከተፈቀደው 12 ደቂቃ ቀደም ብዬ! እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ።

«አንድ ይቀርሃል» አለች እናቴ።

«እንዴ! ጨርሻለሁ እኮ። እኔም ስቆጥር ነበር።»

«ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስለካ አንድ ክንድ አጉድዬ አላውቅም። ይኸው አንዷ! ግባ!»

የቀረችውን ኦቾሎኒ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ከእናት ጋር ክርክር የለም፣ እያጉረመረምኩ ተመልሼ ሄድኩ።

ልብሴን ስቀይር አስተማሪዬ ጠጋ ብሎ «አቦ፣ 95 ሞልተህ ነበር እኮ። ያኛው 96 ነው» አለኝ። በመመለሻችን ሚኒባስ ውስጥ፣ አወዳይን ስናልፍ ጠየቅኋት።

«አውቃለሁ» አለች ኦቾሎኒዋን እየፈለፈለች።

«ታዲያ ለምን?»

«እኔ ግባ ብዬህ ገብተህ ስትወጣ አንድ ጊዜ ማየት ፈልጌ ነው።»

ከዚያ በኋላ እስከ ጅግጅጋ ብዙም አላወራንም።

እና ወዳጆቼ፣ ኪቩ ሐይቅ ግድግዳ የለውም፣ የሚያዝ ጠርዝ የለውም፣ ስሩም አይታይም። ከዚያ በፊት የቢሾፍቱ ወይም የላንጋኖ ሐይቅ ላይ ወርጄ መሞከር አለብኝ፣ አሁንም እፈራለሁ። ከውድድሩ መልስ የሆነውን ሁሉ ሳልዋሽ እነግራችኋለሁ።

የዚያን ዕለት ማታ ቤት ስንደርስ ውሃ ጠፍቷል። እናቴ ሁለት ጀሪካን አስያዘችኝና «በል አንተ ዋናተኛ፣ ሂድና ውሃ አምጣ» አለች።

ቸር እንሰንብት!