ክፍሉ ተዘግቶ ሜዳው ሲከፈት

እህቴ ከአሜሪካ የምትደውልልኝ እሁድ እሁድ ነው። በሌላ ቀን ስልኩ ካቃጨለ ልቤ ቀድሞኝ ይነሳል፤ ሰው አገር ዘመድ ያለው ሁሉ ይህቺን ስሜት ያውቃታል። እናላችሁ፣ በ2020 ሐምሌ ላይ (እዚህ ውስጥ ያሉትን ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ፤ ነገሩም የእነሱ ነው) አንድ ማክሰኞ ማታ ደወለች።

"ጋሼ፣ ይኼን ልጅ አንድ ነገር በልልኝ!" አለች፣ ሰላምታውን እንኳ ሳታስቀድም።

"ምን አደረገ?"

"ኳስ ልጫወት ነው ይላል!"

በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር። ልጁ ቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገ፣ ሌላ ስቴት ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ እግር ኳስ እየተጫወተ የሚማር ነው። እግር ኳስ ስል የእኛውን ማለቴ ነው፤ ያንን እንደ ጠቦት በብብታቸው ሸጉጠው የሚሮጡበትን "ፉትቦል" አይደለም። በመጋቢት ወረርሽኙ ሲገባ እንደ ሌላው ተማሪ ዕቃውን ሸክፎ እናቱ ዘንድ ተመለሰ። አሁን ታዲያ ዩኒቨርሲቲው ለልምምድ ና ብሎታል። የሚፈርምበት ወረቀትም ልኮለታል።

እህቴ የምትሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። እስከዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በኮሮና ከሞቱት ሰዎች ከሲሶ የሚበልጡት እንዲህ ባሉ ቤቶች የሚኖሩና የሚሠሩ ነበሩ። ባሏ ደግሞ ስኳር አለበት። "እሱ ወጣት ነው፣ ይችለዋል እንበል" አለችኝ። "ለበዓል ብሎ ይዞት ይመጣል። ከሱ ወደ አባቱ፣ ከሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እነዚያ አሮጊቶች። ኳስ ተጫውቶ ሰው ሊጨርስ ነው እንዴ?"

እኔ ምን ቸገረኝ፣ "አትሂድ እለዋለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ቀላል የመሰለኝ የዩኒቨርሲቲ ኳስ ስባል የሚታየኝ የራሴ ስለሆነ ነው። በተማሪነቴ ለትምህርት ክፍላችን ተሰልፌያለሁ። ተከላካይ ነበርኩ፤ ያኔ ሌላ ቦታ የማይሆነው ሁሉ ተከላካይ ይደረግ ነበር። ስናሸንፍ ሻይ በዳቦ እንጋበዛለን። ወረርሽኝ ቢመጣብን የሚቀርብን እንግዲህ ሻዩ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሌላ ነገር ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ107 ሺህ በላይ ሰው ያስቀምጣል። የአላባማው የፉትቦል አሠልጣኝ የነበረው ኒክ ሴባን በዚያ ዓመት 9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈለው ነበር። በአብዛኞቹ ስቴቶች ከመንግሥት ደመወዝተኞች ሁሉ ትልቁን የሚበላው አገረ ገዢው ሳይሆን የኮሌጅ አሠልጣኝ ነው። ይህ ገንዘብ ዋና ምንጩ ቴሌቪዥን ነው፤ ቴሌቪዥን ደግሞ ጨዋታ ካላየ አይከፍልም። ተጫዋቹ በዚያን ጊዜ የሚያገኘው ስኮላርሺፕ ነበር። እሱም ለሁሉም እኩል አይደለም። ለአንድ የወንዶች እግር ኳስ ቡድን የተፈቀደው ቢበዛ 9.9 ስኮላርሺፕ ነበር። ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ! ለሃያ አምስት፣ ለሠላሳ ልጅ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆራርሶ ይታደላል። የእህቴ ልጅ የደረሰው ግማሽ ነው፤ ለዚያች ግማሽ እናቱ ስንት ሌሊት ተጨማሪ ፈረቃ መሥራት እንደቀረላት እሷ ታውቃለች።

ወረቀቱን ላክልኝ አልኩት። ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ የሰው ጽሑፍ ስበልት የኖርኩ ሰው ነኝና አመሌ አልለቀቀኝም፤ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። አጀማመሩ ያምራል። ጭምብል አደርጋለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ፣ ሲያመኝ ሳልደብቅ እናገራለሁ ይላል። ሁሉም "እኔ" ነው። ዝቅ ሲል "ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን በሽታው ሊይዘኝ እንደሚችል እረዳለሁ" የሚል መጣ። ተደርጎ? ማን አድርጎት? እዚህ ላይ ሲደርስ ባለቤቱ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ሄደ። ልጁ በራሱ አንደበት ዐሥር ነገር ቃል ሲገባ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ስም "አደርጋለሁ" ያለው ነገር አንድ እጅ ጣት አይሞላም። ተማሪ እንዲህ ያለ ድርሰት ቢያመጣልኝ ጠርዙ ላይ "ሌላው ሰውዬ የት ሄደ?" ብዬ እጽፍበት ነበር። እናቱማ ጭራሽ የለችም። አባቱም፣ እነዚያ አሮጊቶችም የሉም።

እንዲህ ያለ ወረቀት በዚያ ክረምት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዞሯል። ኋላ ላይ፣ ኦገስት 5 ቀን፣ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ተጫዋቾችን ሕጋዊ መብታቸውን የሚያስለቅቅ ፊርማ ማስፈረም አይቻልም፣ ፈርቶ የቀረም ስኮላርሺፑ አይነካም ብሎ ደነገገ። መልካም ነው። መብቱ መደንገግ ያስፈለገው ግን ያልተደነገገ ጊዜ ምን ይደረግ እንደነበር ስለታወቀ ነው።

ለልጁ ደወልኩና ግልጥልጥ አድርጌ "አትሂድ" አልኩት። እናቱን፣ አባቱን፣ አሮጊቶቹን ሁሉ ደረደርኩለት። አስጨረሰኝ። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ነው የሚለው፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

"አጎቴ፣ አንተ ሥራህን የት ነው የምትሠራው?"

"ቤቴ።"

"እኔ ደግሞ የምተኛው ከማሚ ጎን ያለው ክፍል ነው። ማሚ ኮሮና ያለበት ቤት ነው የምትሠራው። እዚያ በየሳምንቱ ይመረምሩኛል። እዚህ ማን ይመረምረኛል? ደግሞ ብቀር ስኮላርሺፕህን አንነካም ይላሉ። ቦታዬንስ? አሠልጣኝ የሚያስታውሰው የመጣውን ነው።"

እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም። "አስብበት" አልኩት። መምህራን መልስ ሲያጡ የሚሉት ነገር ነው።

ኦገስት 11 ቀን ቢግ ቴን የተባለው የ14 ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር የበልጉን ስፖርት በሙሉ ወደ ኋላ ገፋው፤ ፓክ 12 የተባለውም በዚያው ዕለት ተከተለ። የልጁም ውድድር ወደ ቀጣዩ ፀደይ ተዛወረ። ተገላገልን አልን። እሱ ግን ለልምምድ ብሎ ሄደ፤ ትምህርቱን እዚያው መኝታ ክፍሉ ሆኖ በኮምፒዩተር መከታተል ጀመረ። ቢግ ቴንም በአምስተኛው ሳምንት፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን፣ በየቀኑ ምርመራ ይኖራል ብሎ ሐሳቡን ለወጠ። ለማን? ለፉትቦል። ፓክ 12 ሳምንት ቆይቶ ተከተለ።

እኔን የቆረቆረኝ ግን የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነገር ነው። ቻፕል ሂል ላይ ኦገስት 10 ቀን ክፍል ተከፈተ። ሳምንት ሳይቆይ በሽታው በተማሪው መካከል ስለተዛመተ ኦገስት 17 ቀን የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በሙሉ ወደ ኢንተርኔት እንዲዛወር ተወሰነ። የፉትቦሉ ቡድን ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን የመጀመሪያ ግጥሚያውን ተጫወተ።

አስተማሪ ነበርኩና ቅናት ነው በሉኝ። ሃያ ልጆች ተራርቀው ተቀምጠው፣ ጭምብል አድርገው ስለ አንድ ልብ ወለድ ቢወያዩ አደጋ ነው። ስድስት ጫማ የማይራራቁ ልጆች እያለከለኩ ግንባር ለግንባር ቢላተሙ ይቻላል። እሺ፣ ይቻል። ግን ያ የሚላተመው ልጅ ምንድን ነው? ተማሪ ከሆነ ተማሪው ሁሉ ወደ ሄደበት ይሂድ። ተማሪው ሲበተን እሱ የሚቀረው ሥራ ስላለው ነው። ሥራ ያለው ሰው ደግሞ ሠራተኛ ይባላል፤ ደመወዝ አለው፣ ሲጎዳ ካሣ አለው፣ አደጋ ያለበትን ሥራ አልሠራም የሚልበት መንገድም አለው። እኔ ጨዋታው ለምን ተደረገ አልልም። ሠራተኛ አድርገው ካሠሩት በኋላ ተማሪ ነው ማለታቸው ነው የሚያናድደኝ።

ለዚህም ስም አውጥተውለታል፤ "ተማሪ አትሌት" ይሉታል። ስሙ በ1950ዎቹ የተፈጠረበት ምክንያት አለው። በ1955 ኮሎራዶ ውስጥ ፎርት ሉዊስ ለተባለ ኮሌጅ ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመትቶ የሞተ ሬይ ዴኒሰን የተባለ ሰው ነበር። ሚስቱ በሥራ ላይ ለሞተ ሠራተኛ የሚሰጠው ካሣ ይገባኛል ብላ ከሰሰች። በ1957 የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይገባሽም አላት። የኤንሲኤኤ የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ዋልተር ባየርስ በ1995 ባሳተመው መጽሐፉ ቃሉን ያወጡት ተጫዋቾች እንደ ሠራተኛ እንዳይቆጠሩ ፈርተው እንደነበር ራሱ ጽፏል። ቃል ሲፈጠር ብዙ አይቻለሁ፤ መበለት እንድትረታበት የተፈጠረ ግን ይኼን ነው የማውቀው።

ልጆቹስ ምን አሉ? በኦገስት መጀመሪያ የፓክ 12 ተጫዋቾች የጤና ጥበቃና የገቢ ድርሻ ካልተሰጠን አንጫወትም ብለው መግለጫ አወጡ። ሳምንት ገደማ ቆይቶ ደግሞ የክሌምሰኑ ትሬቨር ላውረንስና ሌሎች "መጫወት እንፈልጋለን" አሉ። ጋዜጠኛው ሁለቱን እንደ ሁለት ጎራ አቆማቸው። ላውረንስ ያቀረበው ምክንያት የእህቴ ልጅ የነገረኝ ነው፤ ብንበተን ቤታችን ከዚህ አይሻልም። ሁለቱም ወገኖች ግን አንድ ነገር ጠይቀው ነበር፤ በማኅበር ተደራጅተን እኛም እንደመጥ። ይቺኛዋን ብዙ ሰው አልሰማትም።

እንዴት እንዳለቀ ታውቃላችሁ። ከመቶ በላይ የፉትቦል ግጥሚያ ተሰረዘ ወይም ተላለፈ። የ69 ዓመቱ ሴባን ራሱ ተያዘና ከኦበርን ጋር የተደረገውን ጨዋታ እቤቱ ቁጭ ብሎ አየ። ጃንዋሪ 11 ቀን 2021 አላባማ ኦሃዮ ስቴትን 52 ለ 24 አሸንፎ ዋንጫ በላ። ሐኪሞቹን ያስፈራቸው የልብ ነገርም እንደተፈራው አልሆነም። በሴፕቴምበር 2020 ኦሃዮ ስቴት ላይ ከታመሙ 26 ስፖርተኞች በ4ቱ ልብ ላይ የጡንቻ መቆጣት ምልክት ታይቶ አገር ተሸብሮ ነበር። በ2021 የወጡት ሰፋ ያሉ ጥናቶች ግን አንዱ ከ3,018 ስፖርተኞች በ21ዱ፣ ሌላው ከ1,597 በ37ቱ ላይ ብቻ የልብ ጉዳት አገኙ። እኔም በዚያ ሰሞን ለልጁ ስለ ልብ ያወራሁት ሁሉ ከልክ ያለፈ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የ20 ዓመት የፉትቦል ተጫዋች በበሽታው ምክንያት በመጣ የደም መርጋት ሞቷል፤ የእሱ ዩኒቨርሲቲ ውድድር ተሰርዞ ነበር። ማንም "አላልኳችሁም?" ለማለት የሚመቸው ነገር አልነበረም።

እኔም አልተመቸኝም። በዲሴምበር እህቴ ታመመች። ልጁ ለምስጋና በዓል ቤት አልመጣም፤ "ማሚ፣ ይቅርብኝ" ብሎ መኝታ ክፍሉ ብቻውን ፓስታ በልቶ ነው የዋለው። በሽታው በእሱ አልመጣም። ምክሬን ሰምቶ ቤት ቢቀር ኖሮ ከእናቱ ጎን ባለችው ክፍል ነበር የሚገኘው። ዐሥራ አንድ ቀን አልጋ ላይ ቆየች። እሁድ እሁድ የሚለው ልማዳችን ቀርቶ በየቀኑ ማታ እደውላለሁ፤ መናገር ሲያቅታት ትንፋሿን አዳምጬ እዘጋለሁ። ልጁም ከዚያ ይደውላል። ሲድን ሁሉ ነገር መለስ አለ፣ ቡና ስትቆላ ግን ሽታው አልመጣላትም። ጭሱ ዓይኗን ሲያስለቅሳት ነው መቃጠሉን የምታውቀው። ይህ ከዓመት በላይ ቆየ።

በፀደዩ ልጁ ባዶ ሜዳ ላይ ተጫወተ። እህቴ ያኔ ክትባቱን ወስዳ ሥራዋን ጀምራለች፤ በምሳ ሰዓቷ በስልክ ታየው ነበር። ከአሮጊቶቹ አንዷ አብራት ትቀመጥና ኳሱ ወዴት እንደሄደ በየደቂቃው ትጠይቃታለች አሉ።

በጁን 2025 ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ የሚፈቅደውን ስምምነት አጸደቀ፤ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። ሠራተኛ ናቸው የሚለውን ቃል ግን አልተናገረም። ልጁ ከተመረቀ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሥራ ይዟል። ደወልኩለት።

"አመለጠህ!" አልኩት።

ሳቀ። "ለፉትቦል ነው፣ አጎቴ። ለእኛማ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ዶላር ነበር የሚደርሰን።"

ያን ወረቀት እስካሁን እንዳስቀመጥኩት ነገርኩት። ጠርዙ ላይ የጻፍኩበትን፣ ያሰመርኩበትን፣ ባለቤት የሌላትን "ተደርጎ" አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆየና፣

"በስልኬ ላይ በጣቴ ነው የፈረምኩት" አለኝ። "አላነበብኩትም። ቡድናችን ውስጥ ያነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም።"