የጋሼ ካርቦን

ስሟን ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ከወረሰችው ካዛንቺስ ተነስቼ ጠዋት ጠዋት ወደ ቂርቆስ ስወርድ፣ በየአጥሩ ሥር የሚቆላው ቡናና የዝናብ ማግስት የጭቃ ሽታ ተደባልቀው እስከ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ይሸኙኝ ነበር። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሞላኝ ነው፤ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ለሚጽፉት ጋሼ ወረቀት አቀባይ ሆኜ፣ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪናቸው ቀጭ ቀጭ ሲል የአገሩ ፍትሕ በሙሉ በእኔ እጅ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር።

በየወረቀቱ መሐል ካርቦን አስገባለሁ፤ አንዱ ለመዝገብ ቤት፣ አንዱ ለተከሳሽ፣ አንዱ ለባለጉዳዩ። አንድ ቀን ያረጀ ካርቦን ስጥል አዩኝና አንስተው ወደ ፀሐይ ያዙት። የአንዲት እናት ስም፣ ባሏ የሰደባት ስድብ፣ የልጆቿ ዕድሜ፣ ሁሉም በጥቁሩ ላይ ጎልቶ ይነበባል። «የሰው ገመና ነው፣ የኔ ልጅ» አሉና አጣጥፈው ቡና በምታፈላው እትዬ ከሰል ላይ ጣሉት።

ችሎቱ እኮ ለሁሉም ክፍት ነበር። በበላ ልበልሃ ዘመን መንገደኛው ሳይቀር ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ለነበረ ሕዝብ የአደባባይ ሙግት ብርቅ አይደለም። የሰማው ጎረቤት ግን በማግስቱ ቡና ጠርቶ ያስታርቃል፤ ዶሴውም በሲባጎ ታስሮ መዝገብ ቤት አቧራ ይለብሳል።

ዛሬ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ ታትመው ኢንተርኔት ላይ ሳገኛቸው ደስ ይለኛል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ ሰበር ለሕግ የሚሰጠው ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳልና፣ ሁላችንም ልናነበው ይገባል። ነገር ግን የፍቺውም የልጅ አባትነቱም ክርክር በብዙዎቹ ከነሙሉ ስም ሰፍሮ ሳይ የጋሼ ካርቦን ትዝ ይለኛል። አቧራ የማይለብስ ዶሴ ልጅ አድጎ የእናቱን ስም ሲፈልግ ይጠብቀዋል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ችሎት ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ሲል፣ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ በዝግ እንዲሰማም ፈቅዷል፤ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወትን አስከብሯል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። እንግዲህ የዳኞቹ ስም፣ ምክንያታቸውና ሕጉ ለሁሉም ይታይ፤ የሕፃናት፣ የባለትዳሮችና የተደፈሩ ሰዎች ስም ግን ኢንተርኔት ላይ ከመውጣቱ በፊት በፊደል ይተካ።

በ2017 ካዛንቺስ ፈረሰች፤ የጋሼም ጥላ፣ የእትዬም ምድጃ ከነበሩበት ዘመን ጋር ሄደዋል። የዚያችን እናት ስም ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ለማንም ነግሬ ግን አላውቅም።