የበኩር ልጄ ሌሊቶች

የበኩር ልጄን የወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ውርጭ በሚጥልበት በኅዳር ወር። እናቴ ልታርሰኝ ከመንዝ መጣች። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲተኛ ይውልና ሰፈሩ ጭር ሲል ዓይኑን ይከፍታል። ሁልጊዜ አያለቅስም፤ አንዳንዴ እንዲሁ ጣሪያውን ያያል። እኔ ተጨንቄ ስነሳ ስቀመጥ እናቴ «ተይው ልጄ፣ ገና ሌሊቱን አላወቀውም። ቀኑን እናሳየው» ትለኝ ነበር።

ቀኑን ማሳየት ማለት ለእሷ ሥራ ነው። ጠዋት ብርዱ ሰበር ሲል በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጥና ጭኗ ላይ አጋድማ ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ ከዚያ ቅባት ቀብታ እጅና እግሩን ታሸዋለች። ቀን ሲተኛ መጋረጃ አትዘጋም፣ ሰውም ዝም በሉ አትልም፤ ቡና ይወቀጣል፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። ሲመሽ ሁሉም ይለወጣል። ገላውን ታጥባዋለች፣ መብራቱን ትቀንሳለች፣ አዝላው እሹሩሩ እያለች ወዲያ ወዲህ ትላለች። በየምሽቱ ያው ነው፣ ቅደም ተከተሉ እንኳ አይዛነፍም። ብርዱ የቱንም ያህል ቢጠና የከሰሉን ምድጃ ከመኝታ በፊት ታወጣዋለች፤ ከሰል ይዞ መተኛት እንደሚገድል ታውቃለች። ሌሊት ሲነቃ በጨለማው አጠባዋለሁ፤ ማናችንም አናወራውም።

አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ14 እስከ 17 ሰዓት እንደሚተኛ፣ ሆዱ ትንሽ የጡት ወተትም ቶሎ የሚፈጭ በመሆኑ በየ2 እና 3 ሰዓቱ መንቃቱ ጤና እንደሆነ ያነበብኩት ቆይቼ ነው። ቀንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነት ሰዓት መደላደል የሚጀምረው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ የሚያስተካክለውም ዋናው ነገር ብርሃን ነው። በሌሊት የሚጠባው ወተት ደግሞ ሜላቶኒን የተባለውን እንቅልፍ የሚያመጣ ሆርሞን ይዞ ይመጣል። ይህን ሁሉ ሳነብ በረንዳው ላይ የተዘረጉት የእናቴ እግሮች ናቸው የታዩኝ።

አብሽ በጥብጣችሁ ብታጠጡት ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል ያሉን ጎረቤት ነበሩ። እናቴ ፈገግ ብላ አለፈቻቸው። እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ምንም አልቀመሰም።

በ6 ሳምንቱ ለክትባት ወሰድነው። ነርሷ አተኛኘቱን ጠየቀችን። እናቴ በጎኑ፣ አንዳንዴም በሆዱ እንደምታስተኛው ነገረቻት፤ እኛንም ሁላችንን ያሳደገችን እንደዚያ ነው።

«እማማ፣ በጀርባው ያስተኙት። ትራስም አያስፈልገውም» አለቻት።

«ልጄ፣ ቢያስመልሰውስ? አይታነቅም?»

ነርሷ ቸኩላ አላለፈቻትም፤ ወረፋው በር ድረስ ደርሶ ሳለ። የገዛ አንገቷን እያሳየች አስረዳቻት፦ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግቡ ከታች ይሆናል፤ ወደ ላይ የመጣው ወተት ተመልሶ ይወርዳል። በሆዱ ሲሆን ግን የቧንቧዎቹ አቀማመጥ ይገለበጣል። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ በ1994 እ.ኤ.አ. ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል። ያቺን ነርስ ለእናቴ ስለሰጠቻት ጥቂት ደቂቃ ዛሬም አመሰግናታለሁ። እናቴ ስንት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ ግን ከዚያ ምሽት ጀምራ በጀርባው አስተኛችው፣ አልጋው ላይ የነበረውንም ትራስ አነሳችው።

ሦስተኛ ወሩን ሲይዝ፣ አንድ ሌሊት ጡቴ ተወጥሮ ሸሚዜን ሲያረጥበው ነቃሁ። ደንግጬ እጄን ደረቱ ላይ አደረግሁ፤ ይተነፍሳል።

«ከተኛ አንዴም አልተነሳ። ይኸው ዶሮ ጮኸ» አለችኝ እናቴ ከመደቡ ላይ።

«አንቺ መቼ ተኛሽ ታዲያ?» ስላት ገንፎ ልታገነፋልኝ ተነሳች።